ከጦር ኃይሎች እስከ ንዶላ፦ አብራሪዎች መንደርደሪያ የሚሳሳቱት ለምንድን ነው?

ጦር ኃይሎች ከአያት የተነሣው ቀላል ባቡር የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤተል፣ ወደ ዓለም ባንክ ወይም ወደ ኮልፌ የሚሄድ ሰው ታክሲ መያዝ አለበት። አካባቢውን የምታውቁት ከሆነ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለውን ስም ሺህ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ የሰፈር ስም ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሻንጣ አይዝም፣ ፓስፖርትም አይጠየቅም። ስሙ ግን ዝም ብሎ አልወጣም። ከጦር ኃይሎች አደባባይ በስተደቡብ፣ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት አዲስ አበባ በአየር የሚመጣ እንግዳዋን የምትቀበለው በዚህ በር ነበር።

ይህን ሰፈር ያነሣነው ለትዝታ አይደለም። «አሮጌው» የሚል ስም ካለ «አዲሱ» የሚባልም አለ ማለት ነው። አሮጌና አዲስ ማረፊያ ጎን ለጎን ባሉበት ከተማ ደግሞ ከላይ የሚመጣው አብራሪ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ከፊቴ የማየው መንደርደሪያ (ብዙዎች ራንዌይ የሚሉት) የኔ ነው ወይስ የጎረቤቱ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙ ሺህ ሰዓት የበረሩ ሰዎች ግን ተሳስተውበታል።

ወደ ዛምቢያ እንሂድ። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2021) እሑድ ነበር፤ ለዛምቢያውያን ደግሞ የፋሲካ ዕለት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ቦይንግ 737 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ንዶላ ይበርራል። ንዶላ በሰሜን ዛምቢያ፣ የመዳብ ማዕድን በሚወጣበት አካባቢ ያለች ከተማ ናት። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ሰውም አልተጎዳ፣ ብረቱም አልተነካ። ያረፈበት ቦታ ግን ገና ያልተመረቀ፣ ግንባታው ያላለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ትክክለኛው ማረፊያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የዛምቢያ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ባለሥልጣን በጊዜው እንደገለጹት፣ አብራሪው ሊያርፍ ሲል ከንዶላ ተቆጣጣሪዎች ጋር በሬዲዮ ይነጋገር ነበር፤ እነሱ ግን «አናይህም» ነው ያሉት። እንዴት ሊያዩት ይችላሉ? እሱ ያለው ሌላ ቦታ ነዋ! «አናይህም» የሚለው ቃል ትልቅ የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ከፊቱ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ አዲስ አስፋልት ቁልጭ ብሎ ሲታየው «እኔ አየሁት፣ እነሱ ናቸው ያላዩኝ» ብሎ ማሰቡ አያስገርምም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ቀን ሌላ የዚያው አየር መንገድ አውሮፕላን ወደዚያው ያልተመረቀ ማረፊያ ዝቅ ብሎ ከመጣ በኋላ፣ ሳያርፍ መልሶ ወደ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ አብራሪ ቢሳሳት የዚያ ሰው ድካም ወይም ግድየለሽነት ነው ልንል እንችላለን። በአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ የበረራ ቡድኖች ወደ አንድ የተሳሳተ አስፋልት ሲያመሩ ግን ጣት መቀሰሩ ብዙ አያስኬድም። ስሕተቱ ከሰዎቹ ጭንቅላት ይልቅ በቦታው አቀማመጥ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። አየር መንገዱ ባወጣው መግለጫም ሁለቱ ማረፊያዎች ተቀራራቢ መሆናቸውን፣ አቅጣጫቸውም ሊመሳሰል ጥቂት እንደቀረው፣ ስለ አዲሱ ግንባታም ለአብራሪዎች የሚላከው ማስታወቂያ (ኖታም ይባላል) እንዳልወጣ ገልጿል።

15 ኪሎ ሜትር ስትሰሙ «ይህን ያህል ርቀት እንዴት ይሳሳታል?» ብላችሁ ይሆናል። እስቲ እናስላው። እንዲህ ያለ ጄት ለማረፍ ሲቃረብ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ በደቂቃ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ 15 ኪሎ ሜትር ለአብራሪው ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ጎማ ያወርዳል፣ የክንፍ መዝጊያዎችን ይዘረጋል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከማማው ጋር ይነጋገራል፣ ከረዳቱ ጋር የማረጋገጫ ዝርዝር ያነባል። ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በተለመደው የሦስት ዲግሪ ቁልቁለት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ 800 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላይ ሆኖ ሲታይ መንደርደሪያ ማለት በአረንጓዴና በቡናማ መሬት መካከል የተጣለ ቀጭን ግራጫ ክር ነው። ስም አልተጻፈበትም።

ስም ባይጻፍበትም ቁጥር ግን አለው። የመንደርደሪያ ቁጥር የሚሰጠው ከኮምፓስ አቅጣጫው ነው፤ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ 90 ዲግሪ የሚያመራው 09 ይባላል፣ በተቃራኒው ወደ ምዕራብ ሲታይ 27። ቁጥሩ የሚነበበው ግን በጣም ከተቀረበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የአብራሪው ልብ ቀድሞ ወስኗል። በዚያ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ መንደርደሪያ የሚሠራው ነፋስ በብዛት የሚነፍስበትን አቅጣጫ ተከትሎ ነውና፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ማረፊያዎች አንድ ነፋስ ይጋራሉ፣ ስለዚህም ይመሳሰላሉ።

አሁን «በዓይን መቃረብ» የሚባለውን ነገር እንረዳ። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ አብራሪው ማረፊያው እንደታየው ሲናገር፣ ተቆጣጣሪው በዓይኑ እያየ እንዲያርፍ ሊፈቅድለት ይችላል። ሕጋዊ ነው፣ በመላው ዓለም በየቀኑ ይሠራበታል፣ ነዳጅና ጊዜም ይቆጥባል። ጉዳዩን አስገራሚ የሚያደርገውም ይህ ነው፦ የተሳሳተ ማረፊያ ላይ የማረፍ ታሪክ በብዛት የሚፈጠረው በጭጋግና በማዕበል ሳይሆን ጥሩ አየር ባለበት ቀን ነው። ጭጋግ ካለ አብራሪው ዓይኑን አያምንም፤ በመሣሪያ ይመራል።

ጦር ኃይሎች ታክሲ መያዣው ጋ ሰው ቀጥራችሁ ስትጠብቁ ምን እንደሚሆን አስታውሱ። ጓደኛችሁ ቡናማ ጃኬት ለብሶ እንደሚመጣ ነግሯችኋል። ከሩቅ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሁሉ እሱን ይመስላችኋል፤ አካሄዱ ሳይቀር የሱ ይሆናል። ቀርቦ ፊቱ ሲታይ ነው የምታፍሩት። አእምሮ ባዶ ሜዳ ላይ አይመለከትም፤ የሚጠብቀውን ይዞ ይወጣና የሚመስለውን ሲያገኝ «ይኸው!» ይላል። የሥነ ልቦና ሰዎች «የግምት አድልዎ» ሊሉት ይችላሉ፤ የኛ ሰው ግን ቀድሞ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ብሏል። ልዩነቱ፣ እናንተ እጅ አውለብልባችሁ ብታፍሩ ነገሩ በሣቅ ያልቃል። አብራሪው ግን 60 ቶን ይዞ እየወረደ ነው።

ከንዶላ ሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2013)፣ ከ200 በላይ መንገደኞች የጫነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ ዓለም አቀፍ ማረፊያ ሲሄድ አሩሻ ላይ አረፈ። ኪሊማንጃሮ 3.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ አለው። የአሩሻው 1.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የሚያስተናግደውም ወደ ሴሬንጌቲ የሚመላለሱ ትንንሽ የቱሪስት አውሮፕላኖችን ነው። ሁለቱም 09 እና 27 ይባላሉ። በመካከላቸው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኖርም አንዱ ከሌላው በስተምዕራብ፣ በአንድ መስመር ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተሰልፈዋል። አብራሪዎቹ ያን ግዙፍ ጄት በዚያች አጭር አስፋልት ላይ ማቆም መቻላቸው ራሱን የቻለ ብቃት ነው። ችግሩ የመጣው ሲዞሩ ነው፤ ጎማው ከአስፋልት ወጥቶ ሣር ውስጥ ገባ። መንገደኞቹም ለሰዓታት ውስጥ ቆዩ፤ አሩሻ ለዚህ ቁመት የሚሆን መሰላል አልነበረውማ።

ከዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ኪሊማንጃሮ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 894 ሜትር ላይ ነው፤ አሩሻ 1,387 ሜትር። አውሮፕላኑ መሬት የነካው መንካት ከነበረበት 500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው ማለት ነው! የከፍታ መለኪያው ይህን በቁጥር ያሳያል። መረጃው ከፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ነገር ግን አንዴ «አየሁት» የሚለው ሐሳብ ልብ ውስጥ ከገባ፣ ዓይን ወደ ውጭ እንጂ ወደ ሰሌዳው ብዙ አይመለስም።

በዚያ ሰሞን ይህ የኛ ብቻ አልነበረም። አሩሻ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ከተማ፣ የቦይንግን የአውሮፕላን አካላት የሚያመላልሰው «ድሪምሊፍተር» የተባለ ሆዳም 747 ወደ አየር ኃይል ሰፈር ሲሄድ ጃባራ በተባለ ትንሽ ማረፊያ ላይ በሌሊት አረፈ። ከአሩሻ በኋላ ደግሞ፣ ወር ሳይሞላ፣ ሚዙሪ ውስጥ የሳውዝዌስት 737 ወደ ብራንሰን ሲሄድ ጎረቤቱ ያለ 1.1 ኪሎ ሜትር መንደርደሪያ ላይ ወርዶ ገደሉ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት፣ ሦስቱም በተሟላ መሣሪያ፣ በሠለጠነ እጅ። «የአፍሪካ አብራሪ» እያለ ለሚቀልድ ሰው እነዚህን ቀኖች ማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ እነዚህ መንታ ማረፊያዎች ከየት መጡ? እዚህ ነው ጦር ኃይሎች የሚጠቅመን። የአዲስ አበባን ታሪክ ተመልከቱ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ ያረፈው ከከተማው በስተምዕራብ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛሬ በኮልፌ በኩል ወደ አምቦ ስትወጡ የምታገኙት ገፈርሳ። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት አቃቂ ዋናው የአውሮፕላን ሜዳ ሆነ። ከነጻነት በኋላ ተራው የልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ጦርነቱ በተረፉ የሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። ለእነዚያ ባለ ፕሮፔለሮች ልደታ ይበቃል። ለጄት ግን አልበቃም።

ምክንያቱ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። 2,300 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ገፍቶ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ያንን ፍጥነት ለማግኘትም የበለጠ መንገድ ያስፈልገዋል። ሞተሩም የሚውጠው አየር ስለሚቀንስ ኃይሉ ይደክማል። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሊገዛ ሲወስን የልደታ መንደርደሪያ አጭር ሆኖ ተገኘ፤ ከተማውም ከብቦታልና ማስረዘም አልተቻለም። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል፣ ያኔ ሜዳ በነበረው ቦሌ፣ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ መንደርደሪያውና ማማው ሥራ ጀመሩ፣ ጄቶቹም መጡ፤ ጥር ላይ ወደ ናይሮቢ መብረር ጀመሩ።

ልደታ ግን አልታረሰም፣ ቤትም አልተሠራበትም። ለወታደሩ ቀረ። ከቦሌ በአየር መስመር 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በጄት ሁለት ደቂቃ። ለዘለዓለም የተዘጋ መንደርደሪያ ላይ ትልቅ የመስቀል ምልክት ይቀባል፣ አብራሪ ከላይ አይቶ እንዲተወው። እየሠራ ባለ የጦር ማረፊያ ላይ ግን መስቀል አይቀባም።

ይህ መንገድ የብዙ ከተሞች ነው። ከተማ ያድጋል፣ አውሮፕላን ያድጋል፣ አዲስ ማረፊያ ይሠራል፣ አሮጌው ለወታደር ይሰጣል። ንዶላም እንደዚያው ሆነ፤ አዲሱ ማረፊያ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተመረቀ፣ አሮጌው የአየር ኃይል ሰፈር ሆነ። (በነገራችን ላይ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ በመስከረም 1954 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈው ወደዚሁ አሮጌ የንዶላ ማረፊያ በሌሊት ሲቃረቡ ነው። የዚያ አደጋ መንስኤ እስከዛሬ ያከራክራል፤ ከቀረቡት ብዙ መላምቶች አንዱ፣ አብራሪዎቹ የንዶላን ካርታ በኪንሻሳው «ንዶሎ» ካርታ ተክተውት ይሆናል የሚል ነው።)

ለንደንም አላመለጠችም። ከሂትሮው አጠገብ ኖርዞልት የተባለ የአየር ኃይል ማረፊያ አለ፤ ኦክቶበር 1960 እ.ኤ.አ. የፓን አም ቦይንግ 707 ሂትሮው መስሎት እዚያ አረፈ። በሁለቱም መግቢያ መንገድ ላይ ትልልቅ የጋዝ ማጠራቀሚያ ጋኖች ነበሩ፤ አብራሪውም «ጋኑ ጋ ስደርስ መንደርደሪያው ይታየኛል» ብሎ ይመጣል። ጋኖቹ ግን ሁለት ናቸው። እንግሊዞቹ መፍትሔ ያሉትን ሳይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፦ በአንደኛው ጋን ላይ የኖርዞልትን፣ በሌላው ላይ የሂትሮውን የስም ፊደላት በግዙፉ ቀቡባቸው። በጄት ዘመን ቀለምና ብሩሽ! ግን ብልኅነት አለው፤ ዓይን የሚያታልለውን ዓይን በሚያነበው ነገር ማረም ነው።

ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች መኖራቸው ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ይሳሳታሉ። ጁላይ 7 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ 140 ሰው የያዘ የኤር ካናዳ ኤርባስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይቃረባል። ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች አሉ፤ በዚያ ሌሊት የግራው ለጥገና ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቷል። አብራሪዎቹ ግን ሁለት ብርሃናማ መስመር ይጠብቃሉ። ሁለት መስመር አዩ፦ አንዱ የሚሠራው መንደርደሪያ፣ ሌላው አውሮፕላኖች ለመነሣት የሚሰለፉበት ታክሲዌይ። «የግራው ያ ነው፣ የቀኙ ይሄ ነው» ብለው ወደ ታክሲዌዩ ወረዱ። እዚያ ነዳጃቸውን የሞሉ፣ መንገደኛ የጫኑ አራት አውሮፕላኖች ቆመው ነበር። ኤርባሱ መልሶ ሲነሣ ከመሬት 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ፣ ደርሶ ነበር፤ የቆሙት አውሮፕላኖች ጭራ ከዚህ ብዙም አያንስም። የመንደርደሪያው መዘጋት በኖታም ተገልጾ ነበር፤ በረዥም ወረቀት መካከል ተቀብሮ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ትይዩው በተዘጋ ሌሊት እዚያ በዓይን መቃረብን ከልክሏል። ቦሌም ዛሬ ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች እንዳሉት ልብ በሉ።

«ታዲያ ሁልጊዜ በመሣሪያ ብቻ ለምን አይወርዱም?» ብትሉ፣ መሣሪያም ይዋሻል። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢሜድ ኤርባስ በሌሊት ወደ ቦሌ ሲቃረብ፣ የመሬቱ የሬዲዮ መሪ ጣቢያ አንቴና ውስጥ ውኃ ገብቶ የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጠው ነበር። አውሮፕላኑ ከቦሌ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ በ17 ሜትር ብቻ አለፈና ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ ሙያው ዛሬ የደረሰበት ልማድ ሁለቱን ማጋባት ነው፦ ሰማዩ ጥርት ቢልም የማረፊያውን የሬዲዮ ወይም የሳተላይት መስመር በኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት፣ ዓይን ያየውን ርቀቱና ከፍታው እንዲመሰክሩለት ማድረግ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሳይከራከሩ መልሶ መውጣት። በንዶላው ቀን ሁለተኛው አውሮፕላን በመጨረሻ ያደረገው ይህን የመጨረሻውን ነው።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ ላይ፣ አራት መንደርደሪያ የሚኖረው አዲስ ግዙፍ ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። ምክንያቱ የልደታው ነው፤ ቦሌን ከተማው ከቦታል፣ ከፍታውም ከባድ አውሮፕላን ያስቸግራል። ቢሾፍቱ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ቢሾፍቱ ግን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአየር ኃይሉ ሰፈር የሐረር ሜዳ ከተማ ናት። አዲሱ ሲመረቅ በዚያ ሰማይ ላይ የሚበርር አብራሪ ከፊቱ ሁለት ማረፊያ ይኖረዋል፣ አንዱ የወታደር አንዱ የሲቪል፤ ከኋላው ደግሞ ቦሌ። ያን ጊዜ ካርታው ሁሉንም ያሳያል። የበለጠ የሚያሠጋው ከምረቃው በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ አስፋልቱ ተነጥፎ፣ ነጭ መስመሩ ተቀብቶ፣ ካርታው ላይ ግን ያልገባበት ወራት። ንዶላ ላይ ሁለቱን አውሮፕላኖች የጠራቸው እንዲህ ያለ አስፋልት ነበር።